በሞቴ ከነማ

1

ኳሱ ቆሟል።

በስድስት ቁጥርና በስምንት ቁጥር መካከል ነው የቆመው። ስድስት ቁጥር ስምንትን ያያል፤ ስምንት ቁጥርም ስድስትን ያያል፤ ኳሱን የሚነካው ግን የለም። የተቃራኒው ቡድን አጥቂ ከወዲያ ማዶ እየመጣ ነው። አይቸኩልም፤ ምን ያስቸኩለዋል? ደረሰ፣ በሁለቱ መሃል አለፈ፣ ኳሱን ይዞ ሄደ፣ አገባ።

ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ድምፅ፣ እስከ ዛሬ የማን እንደሆነ ያልታወቀ፣ «ኧረ በሞቴ፣ አንተ ቅደም» አለ። ያን ጊዜ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የሳቀው ተማሪው ብቻ አይደለም፤ እንግዳው ቡድን፣ ዳኛው፣ ፕሮጀክተሩን የሚያስተካክለው ሰውዬ ሳይቀር ሳቀ።

ትርሲት አልሳቀችም። ስድስትንም ስምንትንም የጻፈቻቸው እሷ ናት። ፊቷ ጋለ፤ እጇን ግን ከኪቦርዱ ላይ አላነሳችም።

2

ኳሱ የት ነው?

«የሮቦት እግር ኳስ» ሲባል የብረት እግር እያንቋቋ የሚሮጥ ነገር ያሰባችሁ ካላችሁ ከአሁኑ ተዉት። ብረት የለም። ሳርም፣ ላብም፣ የተቀደደ ማሊያም የለም። ያለው ኮምፒውተር ውስጥ የተሰመረ ሜዳ ነው፤ ግድግዳ ላይ ሲጣል ቁጥር የተጻፈባቸው ክቦች ወዲህ ወዲያ ሲራወጡ ይታያል። እያንዳንዱ ክብ ራሱን የቻለ ፕሮግራም ነው። አንዴ ፊሽካ ከተነፋ የጻፈው ሰው እጁን አጣጥፎ ከመመልከት በቀር የሚያደርገው ነገር የለም። ክቡ ራሱ ያያል፣ ራሱ ይወስናል፣ ራሱ ይዋረዳል።

ችግሩ የሚያየው ጥቂት መሆኑ ነው። ክቡ ፊቱን ያዞረበትን ብቻ ያያል፤ ያንንም በግምት። ከጀርባው ማን እንዳለ አያውቅም። የጓደኛውን ሐሳብ አያውቅም። መናገር ይችላል፣ ግን አንዲት አጭር ቃል ብቻ ነው የምትፈቀድለት፤ ሁሉም ባንዴ ከጮኹ ደግሞ የሚሰማው የአንዱ ነው፣ የሌላው ጩኸት ሜዳ ላይ ይቀራል። እንግዲህ እንዲህ ሆናችሁ ኳስ ተቀባበሉ ብትባሉ አስቡት። ጓደኛችሁ አሁን ወዳለበት ብትሰጡት፣ ኳሱ ሲደርስ እሱ ሌላ ቦታ ነው። ስለዚህ የምትሰጡት ገና ማንም ወደሌለበት ነው። እሱም ሳይነገረው ወደዚያ መነሳት አለበት። አንዳችሁ አምናችሁ ሌላችሁ ካላመናችሁ ኳሱ የተቃራኒ ነው።

አዳራሹ ውስጥ ለተቀመጠ ሰው ይህ ሁሉ ጣጣ አይታየውም። እሱ ከላይ ሆኖ ሃያ ሁለቱንም ክብ ባንድ ጊዜ ያያል። ከላይ ላለ ሰው መሳቅ ቀላል ነው።

ይህም ታሪክ በአሥራ አንድ ቁራጭ ነው የተሰለፈው። እያንዳንዱ ቁራጭ የሚያየው ፊት ለፊቱን ብቻ ስለሆነ ከአንዱ ሁሉንም አትጠብቁ። የደረሰውን ተቀብሎ ለቀጣዩ ይሰጣል።

3

ቡድኑ ሦስት ሰው ነው፤ ሦስቱም የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። ትርሲት ማን ኳሱን ይውሰድ፣ ወዴትስ ይስጥ የሚለውን ጻፈች። ጓደኛዋ ሩቂያ ኳስ ያልያዙት ወዴት እንደሚሮጡ ጻፈች። ገመቹ ደግሞ አጥቂውን፣ ዘጠኝ ቁጥርን ጻፈ። ዘጠኝ ቁጥር ኳስ ካገኘ አብዶ እየሠራ፣ ተከላካይ እያታለለ እስከ ጎሉ የሚነጉድ ነው፤ ገመቹም ስለ እሱ የሚያወራው ስለ ታናሽ ወንድሙ እንደሚያወራ ሰው ነው።

የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም። ብጠራው የሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ ይደውልልኛል።

የስድስትና የስምንት ነገር መነሻው እዚህ ነው። ትርሲት ባደገችበት ቤት እንግዳ ሲመጣ ማንም ቀድሞ አይገባም። አንድ የክረምት ቀን አባቷና ሁለት ወዳጆቻቸው በሩ ላይ እኩል ደረሱ። «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይቅደሙ»፣ «በሞቴ»፣ «በልጆቼ ሞት» ሲባባሉ ዝናቡ ሦስቱንም አበሰበሳቸው። እናቷ ከውስጥ ሆነው «ወጡ ቀዘቀዘ» እያሉ ይጮሃሉ፤ ማን ሰምቷቸው። ልጅ ሳለች ይህ ነገር ያስቃት ነበር። ይሁንና ዛሬም ታክሲ በር ላይ አብሯት የደረሰ ሰው ካልቀደመ እግሯ አይነሳም። ገፍቶ መግባት ነውር መሆኑን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም፤ ሰውነቷ ነው የሚያውቀው።

ታዲያ ያንን ሳታስበው ጻፈችው። ኳሱ ላንተም ለጓደኛህም እኩል ቅርብ ከሆነ ለጓደኛህ ተውለት፤ ትእዛዙ ይኸው ነው። ስትጽፈው ደስ ብሏት ነበር። በሙከራ ጊዜም አላሳፈራትም፣ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱ ይቀርባልና። በውድድሩ የመጀመሪያ ቀን ግን ስድስት ለስምንት ተወለት። ስምንትም ለስድስት ተወለት።*

ሌላ ቦታ የተጻፉ ክቦች ቢሆኑ ኳሱ ላይ ተጋጭተው ይዘረሩ ነበር። የእኛዎቹ ተከባብረው ቆሙ።

_______
* በዚያ ጨዋታ እንዲህ የተከባበሩት አንዴ ብቻ አይደለም። ስንቴ እንደሆነ ማወቅ የሚፈልግ ቪዲዮውን ፈልጎ ይቁጠር፤ እኔ አልቆጥርም።

4

ከሰዓት በኋላ ቪዲዮው ቴሌግራም ላይ ወጣ። አንዱ ስድስትንና ስምንትን ጋቢ አልብሷቸዋል። ሌላው አጎንብሰው እጅ የሚነሱ አስመስሏቸዋል። ሌላው ደግሞ ከሥሩ፣ እንደ ከተማ ክለብ አድርጎ፣ «በሞቴ ከነማ» ብሎ ጻፈ፤ ስሙ እዚያው ጸደቀ። ትርሲት ማደሪያዋ ስትገባ የማታውቃቸው ልጆች በሩን ከፍተው ይዘው ጎንበስ እያሉ ይጠብቋት ጀመር።

በማግስቱ አማካሪያቸው ዶክተር ይርዳው ሦስቱንም ቢሮ አስጠሯቸው። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ይህን አስቀድሜ ልናገር። ላቦራቶሪውን ለቡድኑ ያስከፈቱት፣ ከዲኑም ጋር የተሟገቱት እሳቸው ናቸው። ግን ከፊት ወንበር ተቀምጠው ያንን ሳቅ ሲሰሙ ውለዋል፤ አልበረደላቸውም። ቅብብሉ ይውጣ አሉ። ማንም ኳስ ያገኘ ለዘጠኝ ቁጥር ይምታለት፣ ዘጠኝ ይጨርሰዋል። ትርሲት ቅብብሉ የመመረቂያ ሥራዋ እንደሆነ ልታስታውሳቸው ሞከረች። እኔም የምለው ስለ እሱ ነው አሉ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«በሚቀጥለው ጨዋታ በዚሁ ገብተሽ ከተሸነፍሽ፣ ቆሞ ለሚከባበር ክብ ፊርማዬን አላኖርም። ዘንድሮ አትመረቂም ማለት ነው። ምርጫው ያንቺ ነው።»

ትርሲት ከቢሮው ወጥታ በቀጥታ ወደ ላቦራቶሪው ሄደች። በሩ ላይ የቡድኑ ስም የተጻፈበት ወረቀት ተለጥፏል፤ ከሳይንስ መጽሐፍ የተለቀመ፣ ማንም የማያስታውሰው ስም ነበር። ሰረዘችው። በወፍራም እስክሪብቶ ከሥሩ ጻፈች።

በሞቴ

ከነማ።

ሩቂያ ከኋላዋ ቆማ አንብባ ሳቀች። ገመቹ አልሳቀም።

5

ሰውን በር ላይ የማስቀደም መመሪያ

ሀ. በሩ ላይ ከሌላ ሰው ጋር እኩል ድረሱ።

ለ. «ይግቡ» በሉ።

ሐ. «ኧረ እርስዎ ይግቡ» ትባላላችሁ። አትደንግጡ።

መ. «በሞቴ» በሉ።

ሠ. ወደ ሐ ተመለሱ።

ትርሲት ይህን ላቦራቶሪው ሰሌዳ ላይ ጻፈችና ቁጭ ብላ አየችው። በመመሪያው መሠረት ማንም መቼም አይገባም። ግን ሰዎች በስተመጨረሻ ይገባሉ። አባቷም ያን ቀን ገብተዋል፤ እርጥብ ሆነው ይሁን እንጂ ገብተዋል። በየትኛው ፊደል ላይ ነው የሚገቡት?

ገመቹ መጣና ለምን ራስሽን ታደርቂያለሽ አላት። ያቺን የ«ተውለት» መስመር አጥፊያት፣ የቀረበው ይውሰድ፣ አለቀ። አልተሳሳተም። መስመሯ ብትጠፋ ሁለቱም ኳሱ ላይ ይወድቃሉ፣ ይጋጫሉ፣ ከሁለት አንዱ ያገኘዋል፤ እንዲህ የሚጫወት ቡድን ሞልቷል። እሷን ግን ከሳቁም፣ ከዶክተሩም ዛቻ ይልቅ ያናደዳት አንድ ነገር ነው። መከባበሩ ስህተት ነው መባሉን አልቀበል አለች። ስህተቱ ሌላ ቦታ እንዳለ ታውቃለች፤ የት እንደሆነ ነው የጠፋት።

6

ኳሱ የት ነው?

የተማሪዎች ካፌ ምሳ ሰዓት ላይ መርፌ መጣያ የለውም። ሰልፉ በር ድረስ ይወጣል፤ ወንበር ደግሞ ያገኘ ዕድለኛ ነው። ትርሲትና ሩቂያ ከመጀመሪያ ዓመት ጀምሮ የሚያደርጉት አንድ ልማድ አላቸው። በሩ ላይ ሲደርሱ ከሁለት አንዷ «አንቺ ቅደሚ» ትልና ትሄዳለች። ቅደሚ የተባለችው ትሰለፋለች፤ ያለቻት ወንበር ልትይዝ ትሮጣለች። ማን ትሰለፍ፣ ማን ትሩጥ ተነጋግረው አያውቁም። የተሰለፈችው ሁለት ሳህን ይዛ ስትዞር ጓደኛዋን በተለየቻት ቦታ አትፈልጋትም። ባዶ ወንበር ሊገኝ ወደሚችልበት ታያለች፤ እዚያ እጅ ተነስቶ ታገኛለች።

ያን ቀን ሽሮ ነበር። ትርሲት ሁለቱን ሳህን ይዛ ዞረች፣ ወደ መስኮቱ በኩል አየች፣ የሩቂያን እጅ አገኘች፣ መንገድ ጀመረች፣ መሃል ላይ ቀጥ አለች። ሰው ከኋላዋ እየገፋ ያልፋል። ሽሮው በሳህኑ ጠርዝ መፍሰስ ጀመረ።

ሩቂያ «ቅደሚ» ብላ አልቆመችም።

ነገሩ ይኸው ነበር። ቅድሚያ መስጠት መንገድ መልቀቅ ነው፤ መንገድ የለቀቀ ሰው ደግሞ አንድ ቦታ ይሄዳል። አባቷና ወዳጆቻቸው ዝናብ የመታቸው ስለተከባበሩ አይደለም፣ ከቆሙበት ስላልተንቀሳቀሱ ነው። እሷም ክቦቿን ስትጽፍ ቃሉን አስገብታ እርምጃውን ረሳችው። እዚያው ቆማ፣ ሰው ሁሉ እየገፋት፣ ከልቧ ደስ አላት።

ጠረጴዛው ጋ ስትደርስ ሩቂያ ምን ነካሽ፣ ግማሹ ሽሮ መሬት ላይ ቀረ እኮ አለቻት። ትርሲት ሳህኖቹን አስቀመጠች፤ ራሷ ግን አልተቀመጠችም።

«ቅድሚያ የሰጠ ይሩጥ» አለች።

የሩቂያ እጅ እንጀራው ላይ ቀረ። ገባት። መሮጡን የምትጽፈው እሷ ስለሆነች ማንም ሳያስረዳት ገባት።

7

አዲሱ ደንብ አጭር ነው። ሁለት ተጫዋቾች ለኳሱ እኩል ከቀረቡ ቁጥሩ ያነሰው እንደ ታላቅ ይቆጠራል፤ እሱ ይወስዳል። ታናሹ ይተውለታል፤ ትቶለት ግን አይቆምም፣ ወደፊት ወዳለው ባዶ ቦታ ይሮጣል። ኳሱን የወሰደውም ወደዚያ ባዶ ቦታ ይሰጣል። ደርሰሃል ወይ ብሎ አይጠይቅም።

በሙከራው ስድስት ወሰደ፣ ስምንት ሮጠ፤ ኳሱ ስምንት ሊደርስበት ወዳለው ቦታ ቀድሞ ደረሰ። ከዚያ ሰባት ወሰደ፣ ስምንት እንደገና ሮጠ። ክቦቹ አንዱ ለሌላው በር እየከፈቱ የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። አሥራ አንድ ቁጥር ደግሞ የሁሉም ታናሽ ስለሆነ ሁሌም ይተዋል፣ ሁሌም ይሮጣል። ሩቂያ እሱን ስትጽፍ ተጠንቅቃለች፤ በደንብ ያደገ ልጅ አድርጋ ነው የጻፈችው። በምን መልኩ እንዳደገ ኋላ ታዩታላችሁ።

ገመቹ ግን ደንቡን አልወደደውም። በዚህ ደንብ ዘጠኝ ቁጥርም ይተዋል። ያ ሁሉ የተደከመበት አብዶ ያለው ተጫዋች ኳሱን ለሰባት ለቅቆ ወደ ባዶ ሜዳ ሲሮጥ ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። ለማን ብሎ ነው የሚለቅቀው አለ። ለሰባት አለችው ትርሲት። ሰባት ምን ያውቃል አለ። ነገሩ እየከረረ ሄደ፤ ሩቂያ መሃል ገብታ ልታበርድ ብትሞክርም የሚሰማት አላገኘችም። እሱም ይመረቃል፤ የእሱም ወረቀት ዶክተሩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ ላፕቶፑን ከደነ።

«እልህ ይዞሻል» አላት። «እልህ ደግሞ ጎል አያገባም።»

«ይግባ አይግባ እናያለን። ዘጠኝ ግን እንደማንኛውም ሰው በር ላይ ያስቀድማል።»

ገመቹ በሩን ከኋላው ዘግቶ ወጣ። የዘጠኝን ፋይል ግን አልወሰደም። ትርሲት ይህን ያየችው ከቆየች በኋላ ነው፤ ምን ማለት እንደሆነ አላወቀችም።

8

የሚገጥሙት ቡድን እስከዚያ ቀን ያልተሸነፈ ነው። አዳራሹ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ ሞላ፤ ሰው የመጣው ጨዋታ ሊያይ ሳይሆን ሊስቅ ነው። «በሞቴ ከነማ» ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ጭብጨባው ጣራውን ነቀነቀ፤ የፌዝ ጭብጨባ ነበር። ትርሲት ወንበሯን አዙራ ፊት ለፊት አየቻቸው። ያጨብጭቡ አለች በሆዷ። ስሙን ያወጡልኝ እነሱ ናቸው፤ የለበስኩት ግን እኔ ነኝ።

ገመቹም መጥቷል። ኪቦርዱ ፊት ተቀመጠ፣ ፋይሉን ጫነ። በትርሲት ደንብ ያለውን ነበር የጫነው፤ ዶክተሩ ከፊት ወንበር ሆነው ያዩታል።

ፊሽካ ተነፋ።

ስድስት።

ስምንት።

ሰባት።

ስምንት።

አሥር።

ኳሱ እንዲህ ሄደ። በየመሃሉ አንዱ ይተዋል፣ ይሮጣል፣ ኳሱም ከፊቱ ይደርስለታል። የኋላ ወንበሮች ሳቅ ቀስ በቀስ ጠፋ። አንድ ሰው «ቆይ፣ ምን እያደረጉ ነው?» ሲል ተሰማ። አሥር ቁጥር ኳሱን ተቀበለ፣ ወደ ግራ፣ ማንም ወደሌለበት ጥግ ሰጠ። አሥራ አንድ እዚያ መድረስ ነበረበት።

 

 

አሥራ አንድ አልመጣም።

ኳሱ ብቻውን ተንከባለለ። የተቃራኒው ተከላካይ ያለ ተቀናቃኝ አነሳው፣ በረጅሙ መታው፣ አጥቂያቸው አገባው። አንድ ለዜሮ። አዳራሹ ሲጠብቀው የቆየውን ሳቅ አገኘ። ትንሽ ቆይቶ ያው ነገር ተደገመ፤ ግብ ጠባቂው ባያድን ሁለት ይሆን ነበር። አሥራ አንድ ቁጥር በቆመበት ዙሪያውን ያያል፤ የሚነሳው ኳሱ ካለፈ በኋላ ነው። ሩቂያ ጥፍሯን እየበላች ስክሪኑ ላይ አፈጠጠች። የአሥራ አንድ እግር የእሷ እጅ ሥራ ነው።

9

ይህ ቁራጭ በዶክተር ይርዳው ፈቃድ ቢሆን ኖሮ ከአንድ ጀምሮ የተጻፈውን ሁሉ ለብቻው ወስዶ እስከ መጨረሻው ይነጉድ ነበር። አሁን ግን ተቀብሎ ለአሥር ሰጥቷል።

10

የዚህ ውድድር ደንብ በእረፍት ሰዓት ፋይል መቀየር ይፈቅዳል። ዶክተር ይርዳው ፍላሽ ይዘው ወደ ቡድኑ ጠረጴዛ መጡ። ፍላሹ ውስጥ ያለው ቅብብል የሌለበት ቡድን ነው፤ ሁሉም ለዘጠኝ የሚሰጥበት። ሩቂያ ጨዋታውን በስልኳ ስትቀርጽ ነበርና ማጥፋቱን ረስታዋለች። የሚከተለው ከዚያ የተገለበጠ ነው።

ዶክተር፦ አየሽው አይደል? በቃ። ገመቹ፣ ይህን አስገባ።

ትርሲት፦ አይገባም፣ ዶክተር።

ዶክተር፦ ያ አሥር ቁጥር ለማን ነው የሰጠው? ማንም በሌለበት።

ትርሲት፦ ለሚመጣ ሰው።

ዶክተር፦ አልመጣማ።

ትርሲት፦ ይመጣል።

ዶክተር፦ ስሚኝ ልጄ። እንዲሳቅባችሁ አልፈልግም። ፊርማዬ ግን እንደተናገርኩት ነው።

ትርሲት፦ ገብቶኛል። ዘንድሮ ካልተመረቅሁ ለከርሞ እመጣለሁ። ለከርሞም የማመጣው ይህንኑ ቅብብል ነው።



ሩቂያ፦ አገኘሁት። አሥራ አንድ እስኪጠራ ነው የሚጠብቀው። እኔው ነኝ የጻፍኩት፤ ታናሽ አይደል፣ ሳይጠራ እንዳይነሳ ብዬ። ሌላው ሲጮህ የእሱ ስም አይሰማም።

ትርሲት፦ አጥፊው።

ሩቂያ፦ ካጠፋሁት ማንም ሳይጠራው ነው የሚሮጠው። ኳሱ ባይመጣለትስ?

ትርሲት፦ ይሩጥ።

ዶክተር፦ ገመቹ። ፍላሹን።

ቀረጻው እዚህ ላይ ይቋረጣል፤ ሩቂያ ስልኩን አስቀምጣ ኮዱን ከፍታለች። የቀረውን እኔ ልንገራችሁ።

ገመቹ ፍላሹን ተቀበለ። ትርሲት እጁን አየች። ዘጠኝ ቁጥር በብቸኝነት የሚነግሥበት ቡድን እዚያች ጣት በምታክል ነገር ውስጥ ነው ያለው፤ መሰካት ብቻ ነው የቀረው። ዶክተሩ አዘዋል፣ ወረቀቱ እሳቸው ጋ ነው፣ ማንም ገመቹን አይወቅሰውም። እሷ ራሷ እንኳ አትወቅሰውም ነበር።

ገመቹ ከወንበሩ ተነሳ።

«ቅደሚ» አላት።

ብሎም አልቆመም። ጠረጴዛውን ዞሮ ዶክተሩ ፊት ለፊት ሄደ፣ ፍላሹን በሁለት እጁ መለሰላቸው። ድምፁ እስከ ሦስተኛው ረድፍ ተሰማ።

«የእሷን ካልፈረሙ የእኔንም አይፈርሙ፣ ዶክተር። ዘጠኝ በእሷ ደንብ ነው የሚጫወተው።»

ይህን እንዲያደርግ ማንም አልጠራውም። ትርሲት ማልቀስ አማራት፤ ጊዜ ስላልነበረ ሳታለቅስ እሱ የለቀቀው ወንበር ላይ ተቀመጠች። ሩቂያ ያቺን መስመር አጠፋች። ዶክተር ይርዳው ፍላሹን ኪሳቸው ከተቱ። ወደ ፊት ወንበራቸው ግን አልተመለሱም፤ እዚያው ከልጆቹ ኋላ ቆመው ቀሩ። በምን ዓይን ያዩ እንደነበር አላውቅም፤ ከኋላ የቆመ ሰው ፊቱ አይታይም።

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። ኳሱ ከስድስት ወደ ስምንት፣ ከስምንት ወደ ሰባት ይሄዳል። ዘጠኝ ቁጥር ሁለት ተከላካዮች ተከትለውት ወደ ባዶ ቦታ ይሮጣል፤ ኳሱ ባይሰጠውም ይሮጣል፣ የእሱ መሮጥ ለሌላው ቦታ ይከፍታል። ገመቹ ይህን ሲያይ ከንፈሩን ነከሰ፤ ደስ ይበለው ይክፋው ራሱም ያወቀ አልመሰለኝም። አንድ ኳስ ቋሚውን መትቶ ወጣ። አንዱን ግብ ጠባቂያቸው በጫፍ አወጣው። አዳራሹ ውስጥ መሳቅ የሚያምረው ሰው ጠፋ፤ አንዳንዱ ከወንበሩ ተነስቶ ቆሟል። ግን ግብ የለም፤ አሁንም አንድ ለዜሮ ነው። ሰዓቱ እንዲሁ ካለቀ ተሸንፈዋል፤ ከተሸነፉ ትርሲትም ገመቹም አይመረቁም።

ጥቂት ሲቀር ስድስትና ስምንት ኳሱ ላይ እኩል ደረሱ።

ያው ቦታ። ያው ሁለት ክብ። በመሃላቸው ያው ኳስ። የተቃራኒው አጥቂም ከወዲያ ማዶ እየመጣ ነው፤ አሁን ግን ይቸኩላል።

ከኋላ ወንበር ያ ድምፅ እንደገና ተሰማ። «በሞቴ፣ አንተ ቅደም» አለ። በዚህ ጊዜ የሳቀ የለም። እሱም እያሾፈ አልነበረም፤ እየለመነ ነበር።

ስድስት ወሰደ። ስምንት ሮጠ። ስድስት፣ ስምንት ገና ወዳልደረሰበት ቦታ ሰጠ፣ ስምንት ደረሰበት። ስምንት ለአሥር። አሥር ቀና አለ፤ ግራው ጥግ፣ ቀደም ሲል ኳሱ ብቻውን የተንከባለለበት ቦታ፣ አሁንም ባዶ ነው። አሥር ወደዚያው ሰጠ። የማንንም ስም አልጠራም።

ትርሲት እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች።

ኳሱ የት ነው?

እየሄደ ነው። እኔም እጄን እዚህ ላይ አነሳለሁ። ከዚህ በታች ያለውን የአሥራ አንድን ቦታ ባዶ የተውኩት ቃል አልቆብኝ እንዳይመስላችሁ፤ ሰጥቻችሁ ነው። ቆማችሁ የምትጠብቁ ከሆነ ማንም አይጠራችሁም።

11